የግራውን አምጪ

ሻለቃው መነጽር ቤቱ ውስጥ ነበር።

በሩን ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሰፊ ጀርባውን ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ወፍራም ክፈፍ ያለው መነጽር ይሞክራል። የምትሠራበት የመድኃኒት ኩባንያ የጥበቃ ኃላፊ፣ በምሳ ሰዓት፣ እዚህች ጠባብ ሱቅ ውስጥ። የእሷ ቦርሳ ደግሞ ከኩባንያው ቤተ ሙከራ የሰረቀችውን ይዟል።

ወደ ኋላ ማለት አይቻልም። የበሩ ቃጭል ተንቃጭሏል።

ሻለቃው በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«ዝምተኛዋ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ዓይኔን አሞኝ ነው ሻለቃ።»

«ምን ያድርግ ዓይንሽ! ያ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ብልቃጥ ላይ አስፍጥጦሽ እየዋለ።»

ከባንኮኒው ኋላ መነጽር ሰሪው ሌንስ ይወለውላል። ቀና አላለም። በስለላ መሥሪያ ቤታቸው ስሙ «መርፌ» ነው። የእሷ «ክር»። ስሞቹን ያወጣው እሱ ነው። «እኔ እበሳለሁ፣ አንቺ ተከትለሽ ትገቢያለሽ» ብሎ ስቆ ነበር፣ የመለመላት ቀን።

ዓይኗ ባንኮኒው ላይ ወደተዘረጋው ጨርቅ ሄደ። ቀይ ከሆነ ምንም ሳትናገር ትወጣለች። ሰማያዊ ከሆነ መንገዱ ንጹሕ ነው።

ሰማያዊ ነው።

ሻለቃው እዚህ ተገትሮ መንገዱ ንጹሕ?

«ምን ልታዘዝ እመቤቴ?» አለ መርፌ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።

«ባለፈው የሰጡኝ የዓይን ጠብታ አቃጠለኝ። መልሰው ይዩልኝ ብዬ ነው።»

ትንሿን ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አኖረች። የመርፌ እጅ ሳይደርስ የሻለቃው እጅ ቀደመ።

«እስቲ ወዲህ በይው። እኔም ሰሞኑን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ነው የሚመስለኝ።»

ክዳኑን ፈታ። አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰ። መንጠብጠቢያውን ከዓይኑ በላይ አነሣ።

ጠብታው ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ።

ጠብታው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ሻለቃው እዚያው ይዘረራል፣ እሷም እዚያው ትያዛለች።

«ሻለቃ፣ ተዉ! የእኔ ሕመም ይተላለፋል። ሐኪሙ ፎጣሽን እንኳ ለብቻ ያዢ ብሎኛል።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ብልቃጧን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ እንደ ፍም ባንኮኒው ላይ ወረወራትና ጣቶቹን በሱሪው ጠራረገ።

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም? ሰው ልታሳውሪ ነበር እኮ!»

መርፌ ሳቀ። «የእርስዎ መነጽር ነገ ይደርሳል ሻለቃ።»

«ነገ እንዳልከኝ ነው?»

«ነገ፣ ከምሳ በፊት።»

ተያዩ። ስለ መነጽር የሚነጋገሩ ሰዎች እንደዚያ ረዘም አድርገው አይተያዩም። እሷ አይታለች። ግን ሻለቃው ወጣ፣ ቃጭሉ ተንቃጨለ፣ መርፌም በሩን ቆልፎ መጋረጃውን ገለጠላት።

ከመጋረጃው ኋላ ያለችው ክፍል ከቁም ሣጥን አትሰፋም። መርፌ ፈሳሹን ቀጭን ቱቦ ውስጥ ገለበጠው። አምፖል አበራ። ከፀሐይ መነጽር የወለቁ ሁለት ሌንሶች አነሣ። አንደኛውን አምፖሉ ፊት አቆመ፤ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተሰልፎ ወጣ። ሁለተኛውን አጋድሞ ሲደርብበት ጨለመ። ቱቦውን መሃላቸው ሲያስገባ ጭላንጭል ተመልሶ መጣ። ፈሳሹ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ብርሃኑን ጠምዝዘውታል ማለት ነው። አሁን ጭላንጭሉን መልሶ ለማጥፋት ሌንሱ ወዴት እንደሚዞር ማየት ነው።

አዞረው። ፊቱ ጠቆረ።

«ወደ ቀኝ ነው። ይሄ የቀኙ ነው።»

«አዎ። የሚሠሩት እሱን ብቻ ነው» አለች። «የሕፃናት ማደንዘዣ ነው። መርዝ ያመርታሉ የተባለው ወሬ ውሸት ነው። ያልበረበርኩት ጓዳ የለም። ይህንኑ ሪፖርት አድርግና ልውጣ።»

«የግራውን አምጪ።»

«የግራው ለመለኪያ ያህል ጠብ ተደርጎ ነው የሚወጣው። ተለክቶ ይደፋል።»

«ሳይደፋ አምጪው።»

«ምን ሊያደርግልህ? ማስረጃ የለም እያልኩህ ነው። እነሱ መርዝ አይሠሩም።»

«እንደማይሠሩ እናውቃለን።»



«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

አምፖሉን አጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የግራው ሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ ያቆማል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። አቶሞቹ እነዚያው፣ ክብደቱ ያው፤ አቀማመጡ ብቻ ነው የተገለበጠ። ሐኪም ሬሳውን ቢመረምር መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ይጽፋል። አለቆቻችን ይህንን ለሌላ ሰው ይተዉታል ብለሽ ነው?»

«መርዝ ሊሠሩ ነው ተብዬ ነው የገባሁት።»

«ሌላ ምን ተብለሽ ትገቢ ነበር?»

ቦርሳዋን ዘጋች።

«የላክሽው የሽማግሌው የሞለኪውል ሞዴል ፎቶ አልጠቀመንም» አለ መርፌ። «ኬሚስቶቻችን ሳቁብን። አንዱ አቶም ቦታው ላይ አይደለም፣ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም አሉ። ሽማግሌው ሆን ብሎ ነው የሚያሳስተው። አንቺ ናሙናውን አምጪ። ሽማግሌውን እኛ እናስብበታለን።»

«እሳቸው ምን አደረጉ?»

«ምንም። ለዚያ እኮ ነው የምንፈልገው።» ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገ፣ እንደ ወንድም። «ለራስሽ አትስጊ። የሻለቃው ዓይን ነገ ሌላ ሰው ላይ ነው የሚውለው።»

ከሱቁ ስትወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሷ በረዳት።

*

ሽማግሌውን ጋሼ ሉል ነው የሚሏቸው። ኪሳቸው የሞዴል መሥሪያ ሉሎች አያጣም፤ ጥቁሩ ካርቦን፣ ቀዩ ኦክስጅን፣ ነጩ ሃይድሮጅን። መሐረብ ለማውጣት እጃቸውን ሲሰዱ ሃይድሮጅን ኮሪደሩን ይሞላዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ለቅማ ትመልስላቸዋለች፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ጥርስዎ ረገፈ» እያለች።

ረዳት ሆና የገባች ሰሞን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር ያስተማሯት።

«ልጄ፣ ቀኝሽንና ግራሽን አስተያዪ። ጣቶቹ እኩል ናቸው፣ አይደል? በይ የቀኙን ጓንት ግራሽ ላይ አጥልቂው።»

አልገባም።

«አየሽ? ካርቦን አራት ክንድ አላት። አራቱም ክንዶች የተለያየ ነገር ሲይዙ አያያዙ ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል። ብታገላብጪ፣ ብታዞሪ፣ ብትለምኚ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። የሰው ገላ ደግሞ ጓንት በጓንት ነው። የቀኙ መድኃኒት የእንቅልፉን ጓንት ያገኝና ሕፃኑን ያስተኛል። የግራው እዚያ አይገባም። ሲዞር ሲዞር የትንፋሹን ጓንት ያገኛል።»

ኬሚስት ሁሉ እንደዚህ ያለ ነገር ሲያበስል ቀኝና ግራው ተደባልቆ ነው የሚወጣለት። ለመለያየት አበሳ ነው። ጋሼ ሉል ግን የቀኙን ብቻ የምትወልድ አጋዥ ሞለኪውል አግኝተዋል። ስሟን «ጓንቷ» ብለዋታል። ስለ እሷ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ፊታቸው ሳይበራ ተናገሩ።

«እሷን ገልብጦ የሠራ ሰው የግራውን በበርሜል ያፈላዋል።»

ለዚህ ነበር አቀማመጡን የትም የማይጽፉት። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ሞዴል ውስጥ እንኳ አንዷን ሉል ሆን ብለው ያዛውራሉ። ኩባንያው ይለምናል፣ ይቆጣል። እሳቸው «የፓተንቱ ቀን ትመለሳለች» ብለው ይስቃሉ።

ወደ መነጽር ቤቱ በሄደች ማግስት ረፋዱ ላይ ኩባንያው ስትደርስ በዋናው በር ፊት የኩባንያው ጥቁር መኪና ቆሟል። ሾፌሩ አዲስ ነው። መሪውን ተደግፎ የእጁን አንጓዎች አንድ በአንድ ያንቋቋል።

አንጓዎቹን አወቀቻቸው።

አንድ ላይ ነው የሠለጠኑት። ሰው ከመኪና ወደ መኪና ማዛወር የእሱ ሙያ ነበር። በአጠገቡ ስታልፍ እንደማያውቃት አሻግሮ አየ። እሷም እንደዚያው።

የቤተ ሙከራው መስቀያ ላይ የጋሼ ሉል ኮት ተሰቅሏል። በኪሱ የመነጽር ቤት አዲስ ማኅደር አለ። ትናንት ማታ መነጽራቸውን ሊያሳድሱ ወደ መርፌ ሱቅ እንደሚሄዱ ነግረዋት ነበር። ማኅደሩን ከፈተች። ከስፖንጁ ሥር ትንሽ ብልቃጥ ተወሽቃለች። የኩባንያው የናሙና ምልክት ተለጥፎባታል።

ትናንት እሷ ለመርፌ የሰጠቻት ናት፤ ያኔ ምልክት አልነበረባትም።

ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሻለቃው ምሥጢር የሚያወጣው ማን እንደሆነ ከመርፌ ጥቆማ ይደርሰዋል፤ የመነጽሩ ወሬ ይህ ነበር። ሻለቃው ኮቱን ይፈትሻል። ኩባንያው ስሙ እንዳይጠፋ ሽማግሌውን በጸጥታ በራሱ መኪና ወደ ፖሊስ ይልካል። መኪናው ግን ፖሊስ ጋ አይደርስም።

ብልቃጧን ጨብጣ ወደ ውስጥ ገባች።

«ጋሼ፣ በሩን ልዝጋው።»

«ምነው፣ ልታገቢ ነው እንዴ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሡ።

«ሰላይ ነኝ።»

ሳቁ። ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከየት እንዳገኘቻት፣ ማን እንዳስቀመጣት፣ ውጪ ያለው ሾፌር ማን እንደሆነ በአጭር በአጭሩ ነገረቻቸው። ሳቃቸው አልጠፋም፤ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ስምሽስ?»

«የእኔ አይደለም።»

«እናትሽ ታመው ፈቃድ የወሰድሽውስ?»

«ውሸት ነው።»

«እንዴ! በየሳምንቱ እጠይቅሽ ነበር እኮ። እንዴት ሰነበቱ እያልኩ።»

«አስታውሳለሁ።»

ከሁሉም ይሄ ነው የጎዳቸው። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ፤ አስም አለባቸው።

«ወዴት ነው የሚወስዱኝ?»

«የግራውን እስኪሠሩላቸው ድረስ ወደማይወጡበት ቤት።»

«አልሠራም ብልስ?»

«አስተማሪዋ ልጅዎት የት እንደምትኖር ያውቃሉ።»

ጋሼ ሉል መሬት መሬቱን አዩ።

«ልጄ…» አሉ።

ቀና አለች።

«አንቺን አይደለም።»

«ብልቃጧን እኔው ልያዝና እኔ ነኝ ልበል» አለች። «ሻለቃው እኔን ይሰር።»

«ከዚያስ? እነዚያ ነገ ሌላ ረዳት ይልካሉ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ልጄ እላታለሁ። አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያው እኔን ማንም በጸጥታ ሊወስደኝ በማይችልበት መንገድ መሄድ አለብኝ።»

ተነሡ። አሁን እጃቸው ፈጠነ። ጓንቷ ያለችበትን ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው አወጡና አሲድ ውስጥ ለቀቋት። ፈሳሹ ጨሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጸጥ አለ። የግራው ጠብታም ተከተላት። ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ሙሉ ሣጥን ብልቃጥ ሳቡ። ክዳኖቹ ላይ የሆስፒታሉ ምልክት አለ። ሰኞ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ላይ ሊሞከር ነበር።

«ጋሼ፣ የቀኙን እንኳ እንተወው።»

«የቀኙን ያገኘ ጎበዝ ኬሚስት አቀማመጡን ያነባል። ያነበበ ደግሞ ይገለብጣል። መስታወት ፊት እንደ መቆም ነው።»

የመጀመሪያዋን ብልቃጥ ከፈቱ። ግን አላፈሰሷትም። እጃቸው ላይ ይዘዋት ቆሙ።

«አንቺ አፍስሺው» አሉ።

አፈሰሰችው። አንድ በአንድ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሞዴሉን ይነቃቅሉ ነበር፤ ሉሎቹ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ሲሉ ትሰማለች።

ሲጨርሱ ከመደርደሪያው አንድ ማሰሮ አወረዱ። ነጭ ዱቄት ነው። «የፍራፍሬ ስኳር። መለኪያችንን የምንፈትንባት። ብርሃንን ወደ ግራ ትጠመዝዛለች፣ ከእኛዋ የባሰች ግራኝ ናት። ሱቅ ውስጥ በመነጽር ሌንስ የሚለካ ሰው አይለያትም። በውኃ በጥብጠሽ ውሰጂለት። የግራው በእጃችን ነው ካሉ ልጄን አይነኩም።»

«ትልቁ ቤተ ሙከራቸው ሲደርስ ይታወቃል።»

«እዚያ እስኪደርስ በማን እጅ ያልፋል?»

«በመነጽር ሰሪው።»

ትክ ብለው አዩዋት። እንደዚያ አይተዋት አያውቁም።

«እንግዲህ ያ ያንቺ ሙያ ነው» አሉ። «ስኳር ይላሱ።»

ኮታቸውን ለበሱ። ብልቃጧን ደፍተው በውኃ ሞሏትና ራሳቸው ማኅደሩ ውስጥ መለሷት። ከዚያ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ግቢው ለምሳ በወጣ ሠራተኛ ተሞልቷል።

«ስሙኝ!» ብለው ጮኹ። «የኩባንያውን ምሥጢር የሸጥኩት እኔ ነኝ! ለባዕድ የሸጥኩት እኔ ነኝ! ፖሊስ ጥሩ!»

ግቢው ቀጥ አለ። ከዚያ ስልኮች ወደ መስኮቱ ተቀሰሩ። ትንፋሽ እያጠራቸው ደግመው ጮኹ። ሦስተኛውን ሳል በላው።

ሻለቃው በሩን በርግዶ ገባ። ኮቱን ፈተሸ፣ ማኅደሩን አገኘ። ያወቀው ነገር ነበር፤ ጩኸቱን ግን አላሰበውም። «በጸጥታ ወደ መኪናው» አላቸው ለጥበቃዎቹ። አልሆነም። ሠራተኛው ደረጃውን ዘግቶታል፣ የውጪው በር ላይ ሰው እንደ ግንብ ቆሟል፣ የፖሊስ መኪና ድምፅም ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። በመስኮቱ ስታይ ሾፌሩ ጣቶቹን አንዴ አንቋቋ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

ጋሼ ሉልን በካቴና አወጧቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ምራቋን እግራቸው ሥር ተፋች። ከዚያ አለቀሰች።

ረዳታቸው ጋ ሲደርሱ ሻለቃው አስቆማቸው። «እቺስ? አብራህ ናት?»

«እቺ?» አሉ ጋሼ ሉል፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «እቺ ብልቃጥ ማጠብ እንኳ በቅጡ የማትችል! ምን ታውቃለችና!»

አንዳንዱ ሳቀ። ከእሳቸው አፍ የሰማችው የመጨረሻ ነገር ይህ ነበር።

*

መርፌ ተቆጥቶ ጠበቃት።

«ሽማግሌው አበደ እንዴ? ሰዎቼ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ!»

«እኔ ምን አውቄ። የግራውን ጠይቀኸኝ ነበር፣ አምጥቻለሁ።»

ቁጣው ከፊቱ ላይ ታጠበ። መጋረጃ። አምፖል። ሌንስ በሌንስ ላይ። ቱቦው ገባ፣ ጭላንጭሉ መጣ።

ሌንሱን አዞረ።



«ወደ ግራ!» አለ። «ወደ ግራ ሄደችልኝ! ክር፣ አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ!» ከጥርሱ እስከ ዓይኑ ሳቀ። እንደዚህ ሲስቅ ያየችው ድሮ፣ ገና ስታምነው ነው። «ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ቢቀርም ግድ የለም። ኬሚስቶቻችን ከዚህች ጠብታ ይነሣሉ።»

«ማን ነው የሚወስደው?»

«እኔው ራሴ። ለማንም አላጋራም። ክብሩም ለብቻዬ ነው።»

ልትመልሰው ትችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያስተማራት፣ ታማ የጠየቃት፣ ሲደብራት የሚያስቃት ሰው ነው።

«ጎበዝ» አለችውና ወጣች።

ብዙ ሳይቆይ የጥርስ ሐኪም ቤት እንድትሄድ ከስለላ መሥሪያ ቤቱ መልእክት መጣ። ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች መሃል አንዱ መጽሔት ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም።

«ብልቃጡን ስትሰጪው ማን ነበር?»

«እሱና እኔ።»

«ለካው?»

«ለካው። ወደ ግራ ሲዞር ሁለታችንም አይተናል።»

«እኛ ዘንድ የደረሰው ስኳር ነው።» ሰውየው ገጽ ገለጠ። «ወይ ተሞኝቷል፣ ወይ ሸጦታል። አንቺ ታውቂዋለሽ። መርፌ ይሞኛል?»

«አስተማሪዬ ነው። ሲሞኝ አይቼ አላውቅም።»

«ከኩባንያው ሰዎች ጋር ይገናኝ ነበር?»

«ከጥበቃ ኃላፊው ጋር። ሱቁ ውስጥ አብረው ሲሳሳቁ አግኝቻቸዋለሁ።»

ሁሉም እውነት ነበር። አንድም ቃል አልዋሸችም። በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ንጹሕ ምስክርነት ሰጥታ አታውቅም፣ እንዲህም ቆሽሻ አታውቅም።

ሰውየው መጽሔቱን አጠፈ። «ጉዳዩ ተዘግቷል። ሽማግሌውን ተዪው፣ የታወቀ እስረኛ አይነካም። ሴት ልጁም አታስፈልግም። አንቺ ከተማ ትለውጫለሽ።»

በነጋታው በመነጽር ቤቱ ማዶ አለፈች። በሩ ላይ የሐዘን ወረቀት ተለጥፏል። ቆማ አላነበበችውም።

*

ሌላ ከተማ። ሌላ ስም። አንድ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ሻጭ ሆናለች። ሰው ስሟን ሲጠራ ቶሎ መዞር እስክትለምድ ጊዜ ወስዶባታል።

ስለ ጋሼ ሉል የምታውቀው ጋዜጣ የሚያውቀውን ያህል ነው። ፍርድ ቤት ላይ የጓንቷን ቅርጽ መልሰህ ሥራ ተብለው ሉሎቹን ከፊታቸው ሲያፈሱላቸው፣ «እጄ ይንቀጠቀጣል» ብለው ሳይነኳቸው ቀሩ። ሉሎቹን ሲጨብጡ ስታይ የኖረችው ረዳታቸው እጃቸው ተንቀጥቅጦ እንደማያውቅ ታውቃለች። ልጃቸው ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች፣ ከዚያም ሌላ። ኩባንያው በከሃዲ የተነካ ሥራ አልቀጥልም ብሎ ጥናቱን ዘጋ። ሆስፒታሎች በድሮው ማደንዘዣ ይሠራሉ። አንዳንድ ሕፃን ይነቃል፣ አንዳንዱ አይነቃም።

አንድ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሥራ ስትሄድ የሾፌሩ ሬዲዮ ዜና ያነባል። የነዳጅ ዋጋ፣ የመንገድ ጥገና። ከዚያ፣ የሕፃናት መድኃኒት ምሥጢር ለባዕድ በመሸጥ ተፈርዶበት የነበረው ኬሚስት በእስር ቤት በአስም ሕመም ማረፉ። አንባቢው ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ ስፖርት አለፈ።

መስኮቱን ያዘች። 

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ የተኛውን ልጇን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው።

«ይበለው!» አለች። «የሕፃን መድኃኒት መሸጥ! ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

«ባይሞትም መግደል ነበር» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«አይደል እንዴ እህቴ?» ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞረች። ደግ ፊት ነበራት።

ተሳፋሪው ያያል። ዝም ማለት ይታወሳል። የተለየ መልስ የሰጠ ሰው ፊቱ ይታወሳል። ሥልጠናዋ ሁሉ ይህንኑ ነበር፦ ሰው ያለውን በዪ፣ ሰው የሳቀውን ሳቂ፣ ማንም አያስታውስሽ።

ልጁ በእንቅልፉ ተነፈሰ።

«ይበለው» አለች።

ሴትዮዋ ረክታ ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ ቆመ። መውረጃዋ አልነበረም። ወረደች። መንገዱ ወደ ሥራ በሚጣደፍ ሰው ተሞልቷል። ነጠላ ያደረገ፣ ኮት የደረበ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ። ውስጡ ገባች፤ ከመስኮቱ የሚያያት ቢኖር እንኳ የትኛዋ እንደነበረች መለየት አይችልም ነበር።